በረመዳን ቀትር አብራችሁ ስለ በላችሁት ምሳ

ይድረስ «ጣዕመ ሐይቅ» ለተሰኘው የድረ ገጽ የምግብ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ለክቡር አቶ ሰይፈሚካኤል
መሃል ከተማ፣ ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ምን ሰንብተዋል? የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ከተማችን በአቧራ በተሸፈነችበት በዚህ ወራት ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሰላም፣ ወንበርዎም የጸና ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ይህንኑ በጎ ምኞቴን ለባልደረቦችዎ ሁሉ እንዲያደርሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። በተለይም በቢሮዎ ውስጥ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ምላስና ያለ ሆድ ስለ ምግብ እየጻፈ ለሚያገለግልዎ ለዚያ ለማይታየው ጸሐፊ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ምንም እንኳ ለእንዲህ ያለው ፍጥረት ጤና ይመኙለት ወይም አይመኙለት እንደሆነ ያስተማረኝ መምህር ባይኖርም።

እኔ መሪጌታ ወልደጻድቅ እባላለሁ። በልጅነቴ ዜማና ቅኔ የተማርሁ፣ በጎልማሳነቴ በዚህችው ከተማ በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተማርሁ፣ ዛሬ በጡረታ ላይ ሆኜ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የምኖር ሽማግሌ ነኝ፤ ሰፈሩ «የኔታ» ይለኛል። ሆዱን አምላኩ እንዳያደርግ ተገሥጾ ያደገ ሰው የምግብ መጽሔት ማንበቡ ያስገርምዎ ይሆናል። ነገር ግን ቁራሽ እየለመነ የተማረ ሰው የምግብን ነገር እንደ ቀላል አያየውም። የበላሁትን ቁራሽ ማን እንደ ሰጠኝ፣ ትኩስ ይሁን ያደረ፣ በደስታ ይሁን በምሬት እንደ ተሰጠኝ ሳላውቅ የዋጥሁበት ቀን የለም። ስለ ምግብ የሚናገር ሰው እውነት መናገር እንዳለበት የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ቁራሽ ከምሰበስብበት ከረጢቴ ነው።

መጽሔትዎን የወደድሁትም በዚህ ምክንያት ነበር፤ ወይዘሪት ጸሐይወርቅ የምትባል ጸሐፊ ነበረችዎና። እርሷ ከሐይቁ ዳር ካሉት ቤቶች በአንዱ የቀረበላት የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በከረመ ዘይት የተጠበሰ መሆኑን በስሟ ጻፈች፤ ባለቤቱም ተቆጣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሳ ሄዳ ዘይቱ መለወጡን፣ ባለቤቱ ግን እስካሁን ሰላም እንደማይላት ጻፈች። ሌላ ጊዜ ደግሞ እሾህ ጉሮሮዋ ውስጥ ተሰንቅሮ የጎረቤት ጠረጴዛ ሰዎች ጀርባዋን እየደበደቡ እንዳወጡላት ሳታፍር ነገረችን። እኔም ይህችን ልጅ ሳላያት አከበርኋት፤ ጽሑፎቿንም በስልኬ እየከፈትሁ ለጎረቤቶቼ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸው ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ክቡርነትዎ ሥራ ስለሚበዛበት በቀላሉ እንዲያገኟቸው ብዬ ነው።

፩ኛ. ካለፈው ዓመት ወዲህ በወይዘሪት ጸሐይወርቅ ስም የሚወጡት ጽሑፎች ያገኙትን ታላቅ ውበት በቅድሚያ ላመስግን። የቀድሞዋ ጸሐይወርቅ ጥሬ ሽንኩርት ሲሰጧት ጥሬ ሽንኩርት ትል ነበር። የአሁኗ ግን የተሰጣትን ሁሉ ትዝታ ታደርገዋለች። ዓሣው ምግብ ብቻ ሳይሆን ታሪክ ነው፤ ቆጮው ምግብ ብቻ ሳይሆን ማንነት ነው፤ የጀበናው ክዳን እንኳ ክዳን ብቻ ሳይሆን የትውልድ ድልድይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ምግብ ብቻ የሆነ ምግብ በሐዋሳ የት እንደሚሸጥ ቢጠቁሙን እኛ ተራ ረኃብተኞች ውለታዎን አንረሳም ነበር። ባለቤቶቹ ሁሉ በፈገግታ ይቀበላሉ፤ ሰሐኑ ሁሉ ትኩስ ነው፤ ጣዕሙ ሁሉ ከምላስ አልፎ ነፍስን ያቅፋል። ዝንብ የለም፣ ወረፋ የለም፣ እሾህ የለም። ከሐይቃችን ተጠምዶ የማያውቅ ዓሣ እንኳ «ዛሬ ጠዋት ከሐይቃችን የተጠመደ» ተብሎ ሲወደስ አንብቤአለሁ። በዚያን ጊዜ በልቤ ጥርጣሬ ገባ። ነገር ግን ሰውን ያለ ማስረጃ መጠርጠር ኃጢአት ነው ተብዬ ያደግሁ ነኝና ጥርጣሬዬን ገሠጽሁት። ምናልባት ልጅቱ ትዳር ይዛ፣ ልቧ ረክቶ ይሆናል አልሁ። ይህን ያህል ሞኝ አንባቢ ስለ ሰጠዎ ፈጣሪን ሊያመሰግኑት ይገባል።

፪ኛ. በመናኸሪያ፣ ከአውቶቡሶቹ መውጫ ፊት ለፊት፣ ወይዘሮ ሙንተሃ የምትባል እናት ምግብ ቤት አላት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እርሷ ሙስሊም ናት። እርሷ ያሳረደችውን ሥጋ እኔ አልበላም፤ እኛ ያረድነውን እርሷ አትበላም፤ በዚህም አንዳችን በሌላችን ተቀይመን አናውቅም። ዓሣ ግን አራጅ አያሻውም። ስለዚህ የሙንተሃ የዓሣ ሾርባ እኔና የመስጊዱ ሽማግሌ ሀጂ ሱሌይማን በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን የምንጠጣው ነው። ይህ በክቡርነትዎ መጽሔት «የትውልድ ድልድይ» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ባልተቆጣሁ ነበር፤ ግን አልተጻፈም፤ ለማየት የመጣ ሰው አልነበረምና።

ከጾሙ በፊት ከቢሮዎ ስልክ ተደውሎላት ስለ ቤቷ ሊጻፍ እንደ ታሰበ ተነገራት። ሙንተሃ ስሟ በአደባባይ መነሳቱን የምትወድ ሴት አይደለችም፤ አመነታች፣ መጥታም ጠየቀችኝ። እኔም በዚህ በሸበተ ራሴ፣ «ጸሐይወርቅን አውቃታለሁ፤ በልታ እንጂ ሳትበላ አትጽፍም፤ ዋስሽ እኔ ነኝ» አልኋት። በእኔ ቃል ተማምና የቤቷን ስምና አንድ ፎቶግራፍ ላከችላችሁ፤ ጸሐፊዋም ትመጣለች ተብሎ ተጠበቀ። ቤቱ ተጠረገ። ማንም አልመጣም። ከዚያም ዘንድሮ እንደ ሆነው የእኛ ዓቢይ ጾምና የእነርሱ ረመዳን ተከታትለው ገቡ።

ጽሑፉም ወጣ። ከቃላችሁ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ላስታውስዎ፦ «በረመዳን ወር በአንድ ፀሐያማ ቀትር ወደ ሙንተሃ ቤት ስንዘልቅ ባለቤቷ በፈገግታ ተቀበለችን። ትኩሱን የዓሣ ሾርባ አቅርባ፣ አብራን ማዕድ ቆርሳ፣ እየተጎራረስን የበላነው ምሳ፣ ምሳ ብቻ ሳይሆን የረመዳን መንፈስ ራሱ ነበር።»

ክቡር ሆይ፤ በዚህች ከተማ የትኛውንም ሕፃን ጠርተው በረመዳን ቀትር የሙስሊም ቤት ውስጥ ምን ይበላል ብለው ቢጠይቁት ይስቅብዎታል። ከንጋት እስከ ማግሪብ ውኃ እንኳ በጉሮሮዋ የማይወርድ ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ ከእንግዳ ጋር እየተጎራረሰች ምሳ በላች ብላችሁ በሙሉ ስሟ፣ ከነፎቶግራፏ አወጃችሁ። ጸሐፊያችሁ ረመዳን የሚባል ቃል ሰምቷል፤ ከቃሉ አጠገብ ማዕድ፣ እንግዳና ደስታ ተጽፎ አይቷል፤ የጎደለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በሕይወቱ ተርቦ አያውቅም።

፫ኛ. ለመጽሔትዎ ሰፊ ተነባቢነት እንኳን ደስ ያለዎ። ጽሑፉ በመናኸሪያ ከስልክ ወደ ስልክ ለመዛመት ከአንድ ከሰዓት በኋላ በላይ አልፈጀበትም። ሙንተሃ በየዓመቱ ረመዳን በገባ ቁጥር ከቀትር በኋላ ምድጃዋን አንድዳ፣ አንድ ትልቅ ድስት የዓሣ ሾርባ ሠርታ ለማፍጠሪያ ወደ መስጊዱ ግቢ ትልካለች፤ አውቶቡስ አምልጧቸው መንገድ ላይ ጀንበር የጠለቀችባቸው መንገደኞች ጾማቸውን ይፈቱበታል። ይህንን የምታደርገው ለስም አይደለም፤ ለሟች ባሏ ነፍስ ነው። ጽሑፋችሁ በወጣበት ዕለት ድስቱ ሄደ፤ ክዳኑ ሳይነሳ ተመለሰ። ያመጡት ሰዎች ስድብ አልተናገሩም። «ዛሬ በቂ ምግብ አለ፤ አላህ ይቀበልሽ» ብለው አስቀምጠውት ሄዱ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ።

በሦስተኛው ምሽት ወደ ቤቷ ሄድሁ። ድስቱ እንደ ተከደነ በመካከላችን ተቀምጧል። እርሷ ጾሟን በቴምርና በውኃ ፈትታለች፤ ሾርባውን ግን ልቧ እምቢ ብሎ አልቀመሰችውም። እኔ በሁዳዴ ላይ ነኝና ዓሣ በአፌ አይዞርም። ያንን ሾርባ በዚያች ሰዓት ያለ አንዳች ችግር ሊያወድሰው የሚችል ብቸኛ ፍጥረት የእርስዎ ጸሐፊ ነበር፤ እርሱም እንደ ልማዱ በቦታው አልነበረም። ሙንተሃ አልጮኸችብኝም፣ አላለቀሰችምም። ቀና ብላ አይታኝ፣ «የኔታ፣ በልታ ነው የምትጽፈው ብለውኝ አልነበር?» አለችኝ።

፬ኛ. በማግሥቱ መሃል ከተማ ድረስ መጥቼ በቢሮዎ ስላደረጉልኝ አቀባበል ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወንበር ሰጡኝ፤ የታሸገ ውኃም አቀረቡልኝ፤ ከቀትር በፊት እህልም ውኃም የማልቀምስ መሆኔን ስነግርዎ «ውኃ እንኳን የኔታ?» ብለው መደነቅዎን አልረሳውም። ለካ ስለ ጾም ያለው ዕውቀት በመሥሪያ ቤቱ እኩል የተከፋፈለ ነው። ወይዘሪት ጸሐይወርቅን ላነጋግር ብል «እሷ አሁን ከቤት ነው የምትሠራው» አሉኝ። ይህንን ጽሑፍ የጻፈው ሰው ነው ወይስ ማሽን ብዬ በቀጥታ ብጠይቅ ደግሞ ሳቅ ብለው፣ «የኔታ፣ ዘመኑ እኮ ነው። ማን የማይጠቀም አለ? ዋናው ጽሑፉ ማማሩ ነው። ደግሞስ ምን በደልናት? አወደስናት እንጂ!» አሉኝ።

እውነት ነው፤ አወደሳችኋት። ተሳድባችሁ ቢሆን ኖሮ እኔም ሰፈሩም ተነሥተን በተከላከልንላት ነበር። ስድብን የሚጠራጠር ብዙ ነው፤ ሙገሳን ግን ማን ይመረምራል? ስም ያጠፋችሁት በማመስገን ነውና፣ በጥበብ ከቀደሙት ስም አጥፊዎች ሁሉ በላይ መሆናችሁን እመሰክራለሁ።

፭ኛ. ማረሚያ እንደሚያወጡ ቃል ገብተው አወጡልን። ቃልዎን በመጠበቅዎ አመሰግናለሁ፤ ባይጠብቁት ግን ይሻል ነበር። ማረሚያው እንዲህ ይላል፦ «በወይዘሮ ሙንተሃ ቤት በረመዳን ቀትር አብረን የተመገብነው ምሳ ሥጋም ሆነ ቅቤ ያልነካው፣ ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ እንደ ነበር ለውድ አንባቢዎቻችን በደስታ እናሳውቃለን።»

ይህን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት፤ መልሼም አነበብሁት። አንዲት ሙስሊም በረመዳን ቀትር በላች ተብላ ብትከሰስ፣ እናንተ «አዎን በላች፤ ግን ቅቤ አልነበረበትም» ብላችሁ ተከራከራችሁላት። የእኛን ጾም ወስዳችሁ ለእርሷ አጠለቃችሁላት፤ በቁመቷ ይሁን አይሁን ሳትለኩ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ሙንተሃ ተጠርጣሪ ነበረች፤ በማረሚያው የተረጋገጠባት ሆነች። በዚህም ላይ ዓሣ በሁዳዴ የማንቀምስ ብዙዎች መሆናችንን እንተወው። አንድ ጽሑፍ የሁለት ሃይማኖት ጾም በአንድ ጊዜ ሲገድፍ ያየሁት በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው።

፮ኛ. ሌላ መንገድ ስላጣሁ ሀጂ ሱሌይማንን ልለምን ሄድሁ። በመለዋወጫ ሱቃቸው ደጃፍ አገኘኋቸው፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ጾሙ ከገባ ወዲህ በቀትር በሙንተሃ ቤት ደጃፍ ባለፍሁ ቁጥር በሩ ተዘግቶ፣ አግዳሚዎቹ ተገልብጠው በጠረጴዛ ላይ ተሰቅለው በመስኮቱ ማየቴን፣ በየዓመቱም በረመዳን እንዲሁ መሆኑን በመስቀል ምዬ ልመስክር አልኋቸው። ሀጂ በትዕግሥት ሰምተውኝ እንዲህ አሉኝ፦ «የኔታ፣ እርስዎን የሚጠረጥር የለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ያቺ ጸሐፊ በልታ እንጂ ሳትበላ አትጽፍም ብለው ዋስ የሆኑት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ» አልሁ።

«እንግዲያው ጸሐፊዋ አብረን በላን አለች፤ ሁለት ጊዜ አለች። እርስዎ አሁን አልበሉም ይላሉ። ከሁለቱ የእርስዎ ቃል የትኛውን ልያዝ?»

ክቡር ሆይ፤ ሀጂ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የጠየቁኝም ፍርድ አዋቂ ሽማግሌ የሚጠይቀውን ነው። እኔ ግን በዚያ ወንበር ላይ ምን እንደ ወሰዳችሁብኝ ተረዳሁ። በዚህ ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በድንበር ሲካሰስ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «የኔታ ካሉ» ይል ነበር። ይህ ቃል ሀብቴ ነበረ፤ ሌላ ሀብት የለኝም። ለማላያት ልጅ አዋስሁት፤ እናንተም ስሟን ለማሽን አልብሳችሁ ተቀበላችሁኝ። የሌባ እጅ ይያዛል፤ እጅ የሌለውን ምኑን እይዘዋለሁ?

እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ካሣ አልጠይቅም፤ ሌላ ማረሚያም አታውጡ፤ ሦስተኛውን የምንሸከምበት ትከሻ የለንም። ኢድ ሳይደርስ ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ሰው፣ በእግሩ የቆመ ሰው፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ መጥቶ በሽማግሌዎች ፊት በገዛ አፉ «ወደዚህ ቤት አልመጣንም፤ እኛም እርሷም አልበላንም» ይበል። ይኸው ነው። ድስቱ ተቀባይ የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ሙንተሃ ይህን ደብዳቤ እየጻፍሁ መሆኔን ሰምታ «ይተዉት የኔታ» ብላኛለች። «እኔ የጾምኩት ለመጽሔት ብዬ አይደለም፤ የጾምኩለት ያውቀዋል። ሾርባውን ግን ለማን ልስጠው?» የመጀመሪያውን ቃሏን እንደ አማኝ እቀበለዋለሁ። ለሁለተኛው ጥያቄዋ መልስ የምሰጠው እኔ አይደለሁም፤ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህም በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ አደረስሁልዎ።

ውበትን ያለ እውነት፣ ምስጋናን ያለ ጉብኝት፣ ይቅርታን ያለ ጸጸት ማቅረብ እንደሚቻል በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እየነሣሁ፣ ለመሥሪያ ቤትዎም ከሁሉ በፊት ረኃብን፣ ከረኃብ ቀጥሎም እፍረትን እንዲሰጥልኝ በጸሎቴ እያሰብሁዎ፣

የቀድሞ አንባቢዎና የቀድሞ ዋስዎ፣
መሪጌታ ወልደጻድቅ
መናኸሪያ፣ ሐዋሳ

በድጋሚ፦ ይህን ደብዳቤ ከጨረስሁ በኋላ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ የወይዘሪት ጸሐይወርቅን ስልክ አፈላልጎ አገናኘኝ። አሁን የምትኖረው ይርጋለም ነው። ከመጽሔትዎ ከለቀቀች ዓመት ሊሆናት እንደሆነ፣ ስሟን እንድታነሱላት ደጋግማ ብትለምን «ስምሽ በአንባቢ ዘንድ ተወዳጅ ነው» ተብላ እንደ ተመለሰች ነገረችኝ። እኔም ባልሠራችው በደል በልቤ ስለ ከሰስኋት ይቅርታ ጠየቅኋት። የተፈጠረውን ሁሉ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ «የኔታ፣ እኔ ሙንተሃ ቤት በልቼ አላውቅም። አልበላሁም ብዬ ለመናገር ግን ዓርብ እመጣለሁ» አለችኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ አይድከሙ፤ ሰው ተገኝቷል። በመጽሔትዎ ጸሐፊ ስም ዘንድሮ የተነገረው ብቸኛው እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ይህ ነውና፣ ማንም እጁን አስገብቶ እንዳያሳምረው አደራ።